ያረጀ መኪና ውስጥ የሚገባን ውሃ ከምንጩ አግኝቶ መድፈን

ዝናብ ባደረበት ማግስት በሩን ሲከፍቱ የሻገተ ሽታ ከተቀበለዎት፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ፣ ወይም ሞኬቱ ሲረገጥ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ከሰመጠ መኪናው ውሃ እያስገባ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሲሊኮን ገዝቶ ክፍተት የመሰለውን ሁሉ ይለቀልቃል። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንደገና ይገባል፤ የታየበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ አይደሉምና። ከጣሪያ የገባች ጠብታ የፊት መስታወቱን በያዘው ቋሚ ውስጥ ወርዳ፣ የሽቦ ጥቅል ተከትላ፣ ፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ትንጠባጠባለች። መኪናው ቁልቁል አፍንጫውን ደፍቶ ከቆመ ያው ውሃ ፔዳሎቹ ስር ይጠራቀማል፤ ሽቅብ ከቆመ ደግሞ ከኋላ ወንበር ስር። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ፍለጋ ነው። ምንጩ በትክክል ከታወቀ መድፈኑ ብዙ ጊዜ አጭር ነው።

የምን ውሃ ነው? መቼስ ይመጣል?

ነጭ ሶፍት እርጥቡ ላይ ጫን አድርገው ይያዙና ብርሃን ላይ ይዩት። ጥርት ያለ ወይም አፈር ብቻ የቀላቀለ ከሆነ የዝናብ ወይም የኤሲ ውሃ ነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ መልክ ካለው፣ በጣቶች መካከል ሲታሽ የሚያሙለጨልጭ ከሆነና ሽታው ወደ ጣፋጭ ካደላ ግን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ሂተር ሲከፈት የፊት መስታወቱ በጨርቅ ሲጠረግ የሚዝረከረክ ቅባት መሳይ ጉም ከያዘና የማቀዝቀዣው መጠራቀሚያ ቀስ በቀስ ከጎደለ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ያኔ ጥፋቱ ከዳሽቦርድ ጀርባ ባለችው የሂተር ራዲያተር ወይም በቱቦዎቿ ላይ ነው፤ ከዝናብ ጋር አይገናኝም፣ በማሸጊያም አይፈታም። ፈሳሹ መርዝ ስለሆነ በምላስ ለመለየት አይሞክሩ።

ውሃው ጥርት ያለ ሆኖ ዝናብ ሳይኖር ኤሲ በተከፈተ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ኤሲውን ለ20 ደቂቃ ያብሩና ከመኪናው ስር ይመልከቱ። አየሩ እርጥበት ካለው ከስር መንጠባጠብ አለበት። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ውስጥ ሞኬቱ ከረጠበ ፍለጋው እዚሁ አበቃ።

የኋላ መስታወት ማጠቢያ ያላቸው መኪኖች ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የማጠቢያው ውሃ ከፊት ታንከር ተነስቶ በቀጭን ቱቦ በወለሉ ወይም በጣሪያው በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው የኋላው በር ማጠፊያ አጠገብ ነው፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ። ማጠቢያው ሲነካ ከኋላ የሚረጨው ከደከመና የጣሪያው ጨርቅ ከረጠበ መልሱ ይኸው ነው።

የዝናብ ውሃ መሆኑን ካወቁ በኋላ ደግሞ ሁኔታውን ይጻፉ። ቆሞ ሲዘንብበት ብቻ ነው? ሲነዳ ብቻ ነው? አንድ አቅጣጫ ተዘቅዝቆ ሲቆም ነው? ቆሞ የሚረጥብ መኪና ጥፋቱ ከላይ ነው፦ ጣሪያ፣ መስታወት፣ የታፈነ ማፍሰሻ። በእርጥብ መንገድ ሲነዳ ብቻ የሚረጥብ ግን ጎማው ከስር የሚረጨው ውሃ በወለል ቀዳዳ ወይም በጎማ ማቀፊያው ላሜራ መገጣጠሚያ እየገባ ነው።

ገልጦ ማየት

የረጠበ መኪና ላይ አዲስ ውሃ አይታይም። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ይግለጡና ያድርቁ።

የበሩን ደፍ የሚሸፍነውን ፕላስቲክ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ከክሊፖቹ ያላቁ፤ ክሊፖቹ ሲያረጁ ስለሚሰበሩ ጥቂት መለዋወጫ ቢኖር ይሻላል። የሞኬቱን ጠርዝ አንሱና ከስሩ ያለውን ስፖንጅ በመዳፍዎ ይጫኑ። የሞኬቱ ፊት ደርቆ ስፖንጁ ብዙ ሊትር ውሃ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል፤ «ደርቋል» ተብሎ የተተወ መኪና ወለሉ ተበስቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞኬቱን በደንብ ለማንሳት ወንበሩ መውጣት አለበት። አብዛኛው የፊት ወንበር በ4 ብሎን ይታሰራል። ወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ወይም የቀበቶ መወጠሪያ መስመር ነውና መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሶኬቱን ከዚያ በኋላ ይንቀሉ። ሶኬቱ እንደተነቀለ ባትሪ አስሮ ቁልፍ መክፈት የኤርባግ መብራቱን ያበራል፤ መብራቱም በኮምፒውተር ካልሆነ ላይጠፋ ይችላል። የሬዲዮ መክፈቻ ቁጥር ያለው መኪና ከሆነ ባትሪው ከመፈታቱ በፊት ቁጥሩ በእጅዎ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሞኬቱን ሲያነሱ ከስሩ ወይም ከወንበር ስር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ካገኙ ቆም ይበሉ። ሶኬቱን ነቅለው ውስጡ ያሉትን የብረት እግሮች ይዩ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት። ምክንያታቸው የማይታወቅ የኤሌክትሪክ ብልሽቶች፣ ለምሳሌ በራሱ የሚከፈት መስታወት ወይም ሌሊት ባትሪ የሚጨርስ መኪና፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫሉ።

የታየበት ቦታ የሚጠቁመው

የፊት እግር ማሳረፊያ ሲረጥብ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፊት መስታወት ግርጌ፣ ከመጥረጊያዎቹ ስር ያለው ጎድጓዳ ነው፤ ቀጥሎ የሰንሩፍ (የሚከፈተው የጣሪያ መስታወት) የፊት ማፍሰሻዎች፣ የመስታወቱ ሙጫ፣ ሽቦዎች ከሞተር ክፍል የሚያልፉባቸው የጎማ ቡሾች። የኋላ ወለል ብቻ ከረጠበ ዓይንዎን የኋላ በሮች ውስጥ ወዳለው ፕላስቲክ ያዙሩ። በፊት በርም ያው ነው፤ የበር ውሃ ምልክቱ የደፉ ጠርዝና ከወንበሩ ጎን ያለው ሞኬት ከመሃሉ ይልቅ መርጠቡ ነው። የሻንጣ ክፍል፣ በተለይ የትርፍ ጎማ ጎድጓዳ ውሃ ከያዘ፦ የኋላ መብራቶች ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የሻንጣ ክዳን ጎማ፣ ከባምፐሩ ጀርባ ያሉት የአየር መውጫ ክዳኖች፣ በኋላ መስታወት ዙሪያ ያለው መገጣጠሚያና ሦስተኛው የፍሬን መብራት። የጣሪያ ጨርቅ ላይ ቡናማ ክብ ካለ አንቴና፣ ፖርቶባጋሊ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ወይም ሰንሩፍ ነው።

በውሃ ቱቦ መፈተሽ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውጭ ውሃ ይይዛል፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ በባትሪ መብራት ያያል። ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ ማሽን አይጠቀሙ፤ ጤነኛ ጎማን ሳይቀር አልፎ ስለሚገባ የሌለ ጥፋት ያሳያል። አፉ ላይ ምንም ያልተገጠመበት ቱቦ ይበቃል፤ ውሃው ወደ ላይ ቢያዙት አንድ ስንዝር ያህል የሚዘል ብቻ ይሁን።

1. የውስጡን ላሜራ በጨርቅ ያድርቁ። በተጠረጠሩት መስመሮች ላይ የጠመኔ ዱቄት ወይም ታልክ ስስ አድርገው ይነስንሱ፤ ውሃ ሲያልፍበት ጥርት ያለ መስመር ይተዋል። ዱቄት በማይያዝበት ቦታ ሶፍት በቴፕ ይለጥፉ።

2. ከታች ይጀምሩ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥባል፤ የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የበሩ ታችኛ ጠርዝ፣ የበሩ መስታወት የሚወርድበት መስመር፣ የፊት መስታወት ግርጌ፣ የመስታወቱ ጎኖች፣ የመስታወቱ አናት፣ የጣሪያው ቦይ፣ በመጨረሻ ሰንሩፍ።

3. በእያንዳንዱ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያፍስሱ፤ ከዚያ ውሃውን ዘግተው ሌላ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀስ ብሎ የሚገባ ውሃ መንገዱን ጨርሶ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል። ፍተሻ የሚበላሸው ከሁሉ በላይ በዚህ ትዕግሥት ማጣት ነው።

4. ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ሲያይ «አገኘሁ» ብሎ አያቁም፤ ጠብታዋን ወደ ላይ ይከተላት። ሽቦ ላይ ከሆነች ጣቱን ሽቦው ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይሂድ፤ ጣቱ የደረቀበት ቦታና የረጠበበት ቦታ ድንበር መግቢያው አጠገብ ነው። ድንበሩን በቴፕ ምልክት ያድርጉበት።

5. አንድ መግቢያ ሲገኝ በቴፕ ለጊዜው ሸፍነው ፍተሻውን ይቀጥሉ። ያረጀ መኪና አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው አልፎ አልፎ ነው።

ለሻንጣ ክፍል የኋላውን ወንበር አጥፎ ከዚያ በኩል ማየት ይሻላል። ክዳኑ ተዘግቶበት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ካለ ቁልፉ ውጭ ባለው ሰው እጅ ይሁን፤ ወንበሩም ታጥፎ ይቆይ።

ውሃ ማፍሰስ በማይቻልበት ቦታ የሳሙና ዘዴ አለ። መስታወትና በሮች ይዘጉ፣ ማራገቢያው የውጭ አየር በሚያስገባበት ቦታ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ከኋላ ባምፐር ጀርባ ያሉት የአየር መውጫዎች ከሻንጣው ውስጥ በቴፕ ይሸፈኑ። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው በመስታወት ዙሪያ፣ በጎማዎችና በመብራቶች ጠርዝ ላይ ይርጩ። አየሩ ከሚወጣበት አረፋ ይነሳል፤ አየር የሚወጣበት ደግሞ ውሃ የሚገባበት ነው። ፍተሻው ሲያልቅ ቴፑን ማንሳት እንዳይረሳ፤ እነዚያ መውጫዎች ከታሸጉ በሩ ለመዘጋት ያስቸግራል፣ መስታወቱም ጤዛ ይይዛል።

ከመጥረጊያው ስር ያለው ጎድጓዳ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው፣ መጠገኑም ገንዘብ አይጠይቅም። ዝናብ ከመስታወቱ ወርዶ እዚህ ይሰበሰብና ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ መሬት ይወርዳል። ቅጠልና አፈር ቀዳዳውን ሲደፍን ውሃው ከፍ ብሎ የካቢን አየር ማስገቢያውን ይሻገራል።

የመጥረጊያዎቹን ማረፊያ መስታወቱ ላይ በቴፕ ምልክት ያድርጉ፤ ዳዶውን ፈትተው ክንዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያውጡት፣ አይጎትቱት። የፕላስቲክ ሽፋኑን ካነሱ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ይልቀሙ፤ በውሃ ገፍተው ወደ ቀዳዳው አይክተቱት። አንዳንድ ማፍሰሻዎች ጫፋቸው ላይ እንደ ዳክዬ አፍ የተዘጋ ጎማ አላቸው። ጎማው ጭቃ ይይዝና ይጣበቃል፤ በጣት ጨመቅ አድርገው ያጽዱት። በመጨረሻ 2 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ያፍስሱ፤ ሳይጠራቀም መውረድ አለበት። ሽፋኑ ተነስቶ ሳለ የካቢን አየር ፊልትሮው ቤት ክዳን በትክክል መግጠሙንም ይዩ። ፊልትሮ ሲቀየር ክዳኑ ጠማማ ተገጥሞ የቀረ መኪና ምንም ሳይበላሽ ውሃ ያስገባል።

ሰንሩፍ

ሰንሩፍ ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ አልተሠራም። ጎማው አብዛኛውን ያስቀራል፣ ያለፈውን በዙሪያው ያለው ቦይ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ በአራት ማዕዘን ባሉ ቱቦዎች ያወርደዋል። ስለዚህ ሰንሩፉን በሲሊኮን መለጠፍ መልስ አይደለም፤ ቱቦዎቹን ማጽዳት ነው።

ሰንሩፉን ከፍተው በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ሲኒ ውሃ፣ 100 ሚሊሊትር ያህል፣ ቀስ ብለው ያፍስሱ። የፊቶቹ ብዙ ጊዜ በበሩ ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎ (ከፊት ጎማ በላይ ያለው ላሜራ) ጀርባ፣ የኋላዎቹ በጎማ ማቀፊያ ወይም በባምፐር ጀርባ ይወጣሉ። በአንዱ ማዕዘን ውሃው ከቆመ ቱቦው ታፍኗል፤ ሄዶ ነገር ግን ውጭ ካልታየ ቱቦው መኪናው ውስጥ ተላቅቋል ወይም ተሰንጥቋል። የሁለተኛው ጥገና የቋሚውን ሽፋን ማውጣት ይጠይቃል፤ እዚያ የመጋረጃ ኤርባግ ካለ ባትሪው እንደ ወንበሩ ጊዜ ይፈታ።

ለማጽዳት 2 ሚሊሜትር የሣር ማጨጃ ናይለን ክር ይጠቀሙ፤ ጫፉን በክብሪት ለኮፍ አድርገው ያደብልቡት፣ ቱቦውን እንዳይበሳ። እየዞሩ ይግፉ። የኮምፕሬሰር አየር በኃይል መንፋት ቱቦውን ከመጋጠሚያው ያላቅቀዋል፤ በዚህ መንገድ አንድ የታፈነ ቱቦ ወደ ተላቀቀ ቱቦ ተለውጦ ከዳሽቦርድ ጀርባ መፍሰስ ይጀምራል።

በር ውስጥ ያለው ፕላስቲክ

ብዙ ሰው በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ብልሽት ይመስለዋል። አይደለም። በመስታወቱ ጎን ውሃ ሁልጊዜ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፤ በታችኛው ጠርዝ ባሉ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ወደ ተሳፋሪው እንዳይሻገር የሚያግደው በበሩ ላሜራና በውስጠኛው ሽፋን መካከል በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሙጫው ቡታይል ይባላል፤ በ15 ወይም 20 ዓመት ይደርቃል፤ ስፒከር ወይም የመስታወት ሞተር የቀየረ ሰው ቀድዶት ሊሆንም ይችላል።

መጀመሪያ የታችኞቹን ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ዘንግ ይክፈቱ፤ ብረት ቀለሙን ይፍቃል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ የበሩን ሽፋን ያውጡ፦ ከእጀታው ጀርባና ከመያዣው ስር የተደበቁ ብሎኖች አሉ፣ ቀሪው ክሊፕ ነው። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ከወረደ የድሮውን ሙጫ ያንሱ። ቤንዚን አያስፈልግም፤ ከራሱ ሙጫ አንድ ቁራጭ ጠቅልለው ቀሪው ላይ ጫን ነቀል ቢያደርጉት እየተጣበቀ ይነሳል። የቀረውን በጥቂት ነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ያጽዱ፣ ይድረቅ።

አዲሱን ቡታይል ገመድ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን፣ ሳያቋርጡ በድሮው መስመር ላይ ይዘርጉ። ጫፍና ጫፉ የሚገናኘው በላይ በኩል ይሁን፣ 2 ሴንቲሜትርም ይደራረብ። እዚህ ጋ ብዙዎች የሚስቱት ነገር ፕላስቲኩ ከታች የሚያርፍበት ነው። የታችኛው ጠርዝ ላሜራው ላይ ከላይ ከተለጠፈ በፕላስቲኩ የወረደው ውሃ በሙጫው ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ያልፋል። የታችኛው ጠርዝ በላሜራው መክፈቻ በኩል ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መግባት አለበት፤ ያኔ ጠብታው ወደ ሆድ ወድቆ በቀዳዳው ይወጣል። ፋብሪካው የሠራለት ስንጥቅ ካለ በዚያው ያስገቡት። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ወፍራም ጠንካራ ፕላስቲክ በድሮው ልክ ቆርጠው ይተኩት። የስፒከሩ ጓርኒሲዮን ስፖንጅ ከሆነና ከረገፈ በቡታይል ይዙሩት።

የበር ጎማ

አንድ ወረቀት በጎማውና በላሜራው መካከል አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት። በየ10 ሴንቲሜትሩ ይድገሙ። ያለምንም መያዝ ከወጣ በዚያ ቦታ ጎማው ተጨፍልቋል ወይም በሩ ወደ ውጭ ወጥቷል። በሩ ከጎረቤት ላሜራው ከፍ ብሎ የሚታይ ከሆነ በቋሚው ላይ ያለውን የበር ቁልፍ መያዣ ብሎኖች አላልተው መያዣውን በ1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አይሂዱ። ጎማው ራሱ በብረት ማቀፊያ ላሜራ ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ነቅለው ማቀፊያውን በፒንሳ ትንሽ ጨምቀው ይመልሱት፤ ቋጠሮው በታች በደፉ መሃል ይሁን። የደረቀውን ጎማ በሲሊኮን ቅባት መቀባት ጥሩ ነው። ቫዝሊንና ግሪስ ግን ጎማውን ያሳብጡታል፣ ያበላሹታልም።

የፊት መስታወት

የመስታወቱ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ መኪና ላይ መስታወቱ የቦዲው ጥንካሬ አካል ነው፤ የተሳፋሪው ኤርባግም ሲፈነዳ በእሱ ላይ ይደገፋል። ጠቅላላ መስታወት አውጥቶ መመለስ በመሣሪያና በልምድ የሚሠራ ነው፤ ለባለሙያ ይተውት።

በእጅ የሚሠራው ሁለት ነው። አንዱ በጎማ ቀለበት የተያዘ የድሮ መስታወት ነው፦ የጎማውን ከንፈር በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ዘንግ ቀስ አድርገው አንሱና የማይደርቅ የመስታወት ማስቲክ በቀጭን አፍ ይሙሉበት፤ የተረፈውን በነጭ ጋዝ ይጥረጉ። ሌላው ሙጫው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የለቀቀ መስታወት ነው፦ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጌጥ አንሱ፣ ቦታውን በአልኮል ያጽዱ፣ ይድረቅ፣ የአምራቹ ፕራይመር (ከሙጫ በፊት የሚቀባ መሠረት) ይቀባ፣ ከዚያ ፖሊዩሪቴን የሚባለው የመስታወት ሙጫ ወደ ክፍተቱ ጠልቆ እንዲገባ ተጭኖ ይሞላ። ፖሊዩሪቴን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ነው፤ በደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይዘገያል።

ጌጡ ሲነሳ የዛገ ላሜራ ከታየ ግን ከላይ መድፈን ጊዜ ማባከን ነው። ዝገት ሙጫውን ከላሜራው ይገፋዋል፤ የተደፈነው ወር ሳይሞላ ከጎኑ ይከፈታል። መስታወቱ ይውጣ፣ ዝገቱ እስከ ነጭ ብረት ይፋቅ፣ ኢፖክሲ ፕራይመርና ቀለም ይቀባ፣ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ መስታወቱ ይመለስ። ከፖርቶባጋሊ፣ ከአንቴና ወይም ከጣሪያ ቦይ የሚገባውም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፦ የድሮው የተሰነጠቀ ማሸጊያ በፕላስቲክ ስለት ይነሳል፣ ዝገት ይፋቃል፣ ፕራይመር ይቀባል፣ ከዚያ ሲም ሲለር የሚባለው የቦዲ ማሸጊያ በተገጣጠሙት ላሜራዎች ላይ ይሰመርና በጣት ይስተካከላል። በድሮው ላይ አዲስ መደረብ ስንጥቁን መሸፈን ብቻ ነው።

የኋላ መብራትና የሻንጣ ክፍል

ከሻንጣው ውስጥ ዳዶዎቹን ፈትተው መብራቱን ያውጡ። ስፖንጅ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ጠንክሮ ከሆነ ነቅለው በቦታው ቡታይል ገመድ ይዙሩ። ዳዶዎቹን በየተራ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ ካጠበቁ ሌላው ጥግ ይነሳል፣ ፕላስቲኩም ይሰነጠቃል። የአየር መውጫ ክዳኖቹ ጎማቸው ከተጣመመ ይተኩ፤ ጨርሶ መዝጋት አይሆንም። የትርፍ ጎማ ጎድጓዳው መሃል የጎማ መድፈኛ አለው፦ ሲያጸዱ ይንቀሉት፣ ሲጨርሱ ይመልሱት፤ «ውሃው ይውጣ» ብሎ ከፍቶ መተው ከመንገድ የሚረጨውን ያስገባል።

ወለልና የሞተር ግድግዳ

ወለሉ ላይ ያሉት የጎማ መድፈኛዎች አንዱ ወድቆ ከሆነ በልኩ ገዝተው ጠርዙን በስስ ሲም ሲለር ቀብተው ይምቱት። ሽቦ በሚያልፍበት የጎማ ቡሽ በኩል ውሃ ከገባ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በኋላ የተጨመረ ሽቦ ነው፤ ማንቂያ ደወል ወይም የሙዚቃ ቴፕ የገጠመ ሰው ቡሹን በስቶ ትቶታል። ቀዳዳውን በቡታይል ይሙሉት፤ ሽቦው ከቡሹ በፊት ወደ ታች ዞሮ እንዲመለስ ያድርጉ፤ ውሃ ሽቦ ተከትሎ ሽቅብ አይወጣምና።

የኤሲ ማፍሰሻው ከሞተር ግድግዳው ስር የሚወጣ አጭር ጎማ ነው። ከስር ሆነው ለስላሳ ሽቦ ወይም ያንኑ ናይለን ክር ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ያስገቡ፤ ከዚያ በላይ ኢቫፖሬተሩን (የኤሲውን ማቀዝቀዣ ክፍል) ይነካል። ፊትዎን ከጎማው ስር አያድርጉ፤ ሲከፈት የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ስለ ሲሊኮን

የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን መኪና ላይ ቦታ የለውም። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱም ላሜራውን ያዝጋል። ሌላው ክፋቱ ከተነሳ በኋላም የሚተወው ስስ ቅሪት ነው፤ በዚያ ላይ ቀለምም ሆነ ፖሊዩሪቴን አይይዝም። ለሚነቀል ነገር ቡታይል፣ ለላሜራ መገጣጠሚያ ሲም ሲለር፣ ለመስታወት ፖሊዩሪቴን።

ማድረቅና መመለስ

ከመገጣጠምዎ በፊት የተጠገነውን ቦታ እንደገና በቱቦ ይፈትሹ፤ መጀመሪያ ከፈሰሰበት ጊዜ እጥፍ ያህል ያፍስሱ። ማሸጊያው ግን በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጨርሶ ይሁን።

ስፖንጁን በውሃ መምጠጫ ማሽን ወይም በፎጣ እየተጫኑ ያውጡ። ሞኬቱን ከላሜራው በእንጨት ቁራጭ ከፍ አድርገው ማራገቢያ ከስሩ ያስነፍሱ፤ መስታወቱ ጥቂት ክፍት ይሁን፣ እርጥቡ አየር እንዲወጣ። ቀናት ይፈጃል። ስፖንጁ የሻገተና የሚፈረካከስ ከሆነ ቆርጦ መቀየር ከማድረቅ ይሻላል። ሻጋታውን እኩል በእኩል በውሃ በተቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ ያጽዱ፤ በረኪና የሞኬቱን ቀለም ይበላል። ላሜራው ላይ የጀመረ ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ፕራይመርና ቀለም ይቀቡ።

የወንበር ብሎኖችን መጀመሪያ በእጅ አስገብተው ጥርሳቸው መያዙን ካዩ በኋላ በአምራቹ መመሪያ ልክ ያጥብቁ። ሶኬቶች ሁሉ ከገቡ በኋላ ብቻ ባትሪው ይታሰር። ከሞኬቱ ስር በአራቱም እግር ማሳረፊያ አንዳንድ የጋዜጣ ወረቀት ዘርግተው የደፉን ፕላስቲክ ሳይገጥሙ ሁለት ጠንከር ያለ ዝናብ ይጠብቁ፤ ወረቀቱ ሳይጨማደድ ከወጣ ፕላስቲኩን ይምቱት።